ሁለት ቀኝ እግር

አባቴ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ዛሬም ይጠራኛል። "ነይ እስቲ እዪልኝ፤ ይሄ ላዩ ነው ውስጡ?" ይለኛል። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሃምሳውን ያሳለፈው በመቀስና በጨርቅ መካከል ነው። ድሮ የጨርቅ ላይና ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ዳስሶ ይለይ ነበር። እኔም ምርኩዜን ይዤ እየተጎተትኩ እሄድና አይቼ እነግረዋለሁ። እንዲህ ስናደርግ ሠላሳ ዓመት ሊሞላን ነው። ለምን እንደሚጠይቀኝ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ራሱ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

ስወለድ የግራ ጭኔ አጥንት አጭር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ግራ እግሬ ከቀኙ በስምንት ሴንቲሜትር ያንስ ነበር። የግራ ጫማዬ ሥር ወፍራም ሶል ተለጥፎበታል። የሰፈር ልጆች "ደረጃ" ይሉኛል፤ ግማሾቹ ስሜን የሚያውቁም አይመስለኝም። ያም ሆኖ እሮጥ ነበር። አሁን ለሰው ስናገር አያምነኝም እንጂ በዚያ በተለጠፈ ጫማ ገመድ እዘል ነበር።

ሱሪዬን የሚሰፋልኝ አባቴ ብቻ ነው። የቤታችን የፊት ክፍል ሱቁ ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ካውያው፣ የጨርቁ ጥቅል፣ የጠመኔው ቆርቆሮ ሁሉም በክንድ ርቀት ላይ ናቸው። ግራውን እግር ስምንት ሴንቲሜትር ያሳጥርና ወገቡንም በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ለብሼው ስቆም ማንም ልብ አይለኝም። "እግርሽ የተስተካከለ ዕለት ከሱቅ የተሰፋ ሱሪ ልትገዢ ነው፤ ገበያዬን ልትዘጊ ነው አንቺ ልጅ!" እያለ ያሾፍብኛል። እስቃለሁ፤ ግን ነገሩን አልረሳውም።

ስለ አባቴ በቤታችን የሚነገር አንድ ቀልድ ነበር። ገና ሥራ ሲለምድ ለአንድ ሙሽራ ሱሪ ቁረጥ ይሉታል። ጨርቁን ሳይገለብጥ ሁለቴ በአንድ ፊት ይቆርጠዋል፤ ሁለት ቀኝ እግር ይወጣል፤ ግራ የለም። ሙሽራው በሌላ ሰው ሱሪ ተሞሸረ። እናቴ ይህን ነገር አልለቅም ብላ ነበር። አባቴ ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ሲጨምር፣ መንገድ ሲሳሳት፣ "ደግሞ ሁለት ቀኝ እግር ቆረጥክ?" ትለዋለች። እሱ ራሱ ከሁላችንም በላይ ይስቅ ነበር።

ሐኪሙ ጋ የሄድን ቀን እኔ የማየው ጥግ ላይ የቆመውን የፕላስቲክ አጽም ነበር፤ አንድ ጣቱ ጎድሏል።

"አጥንቷን እንቆርጠውና ከውጭ በብረት ቀለበቶች እንይዘዋለን" አለ ሐኪሙ። "ከዚያ በቀን አንድ ሚሊሜትር እያለያየነው ስንሄድ መሃሉ ላይ አዲስ አጥንት ይበቅላል።"

"እውነት ይበቅላል?" አለ አባቴ። "እኛ ጨርቅ ሲያጥርብን ከሌላ እንቀጥላለን እንጂ በቅሎልን አያውቅም።"

ሐኪሙ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ተቀየረ። "የምፈራው ዳሌዋን ነው። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች ዳሌያቸውም ደካማ ነው። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ኳስ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትቀመጣለች፤ የእሷ ሳህን ግን ዝርግ ነው። አጥንቱ ሲረዝም ጡንቻው ይወጠርና ኳሷን ገፍቶ ሊያወጣት ይችላል። ብሽሽቷን ካመማት፣ ወይም እግሯን መዘርጋት ካቃታት፣ አንድ ቀን አትደሩ፤ አምጡልኝ።"

እናቴ እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች። እኔ ስለ ሳህንና ስለ ኳስ ለምን እንደሚያወሩ ግራ ገባኝ፤ ከዚያም የአጽሙን ጣቶች መቁጠር ቀጠልኩ።

አባቴ ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ሱሪ ሰፋልኝ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ከሱፍ ጨርቅ፤ ሁለት እኩል እግር ያለው። ለእኔ እኩል እግር ሲቆርጥ የመጀመሪያው ነበር። መኝታዬን ወደ ሱቁ አምጥተው ስለነበር ሱሪውን ከአልጋዬ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀለው። "ያውልሽ" አለኝ፤ "አንቺን ይጠብቃል።"

ከሆስፒታል የተመለስኩት ጭኔ ላይ ቀለበቶችና አራት ዘንጎች ታስረውብኝ ነው። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ አራት ማዕዘን ዳዶ አለ፤ በአራቱም ጎኑ ከአንድ እስከ አራት ነጥብ ተቀርጾበታል። ሥራው ቀላል ነበር። ጠዋት፣ ቀትር፣ አስር ሰዓትና ማታ አባቴ በትንሽ መፍቻ አራቱንም ዳዶዎች ሩብ ሩብ ዙር ያዞራቸዋል። አራት ሩብ አንድ ሙሉ ዙር ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር አንድ ሚሊሜትር ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ስለምትሠራ ነገሩ በእኔና በእሱ መካከል ነበር።

ጠዋት ጠዋት አንገቱ ላይ የማይጠፋውን የልብስ ሰፊ ሜትር ያወርድና በሁለቱ ቀለበቶች መካከል የተከፈተውን ይለካል። "ዛሬ አሥራ ሁለት!" ይላል ጮክ ብሎ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ይሰማል። "ዛሬ አሥራ ሦስት!" ደንበኞቹ ገና ከበር "ስንት ደረሰች?" ይሉ ጀመር። ቁጥሬን ስናገር የልብ ልብ ይሰማኝ ነበር። ሲያመኝ አለቅሳለሁ፤ እሱም መርፌ በከንፈሩ ይዞ "ያደገ ሁሉ ያመዋል" ይለኛል። ይህንንም እንደ ሕግ ያዝኩት። ሕመም ማለት ማደግ ነው አልኩ።

ሠላሳ አራት የደረስኩ ቀን ለምርመራ ሄድን። ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እናቴንና አባቴን ይዟቸው ወጣ። በበሩ መስታወት አያቸዋለሁ፤ ድምፃቸው አይሰማኝም። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ እንደ ታጠበ ጨርቅ ጠመዘዘው። ሲመለሱ ሦስቱም ፈገግ ብለው ነበር። "ጎበዝ ነሽ" አለኝ ሐኪሙ። አዋቂ ሁሉ አንድ ላይ ሲስቅልኝ ደግ ነገር የመጣ ነበር የሚመስለኝ።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተን፣ ሱቁን ከጓዳ ከሚለየው መጋረጃ ጀርባ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። መንገድ ላይ መኪና ያልፋል፤ የምሰማው እየተቆራረጠ ነው።

"ለምን አንነግራትም?" እናቴ ናት።

"ምን ብዬ ልንገራት? ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ሱሪው ላይ ተክላ ስትውል እያየሽ? አይሆንም። ሆድ ይፍጀው።"

መኪና አለፈ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፦ "...እንደ ድሮዋ ብትሆንስ ምን ጎድሏት ነበር!"

አባቴ "እሱስ እውነትሽን ነው" አለ።

በማግስቱ ጠዋት መፍቻውን ይዞ መጣ፤ ሜትሩ ግን አንገቱ ላይ የለም። "ሜትሩስ አባዬ?" አልኩት። "በኋላ" አለኝ፤ በኋላም አልለካም። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ እጅ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሁልጊዜ የእጁ አንጓ ወደ መስኮቱ ነበር የሚዞረው። ያን ቀን ወደ እኔ ዞረ።

ሦስተኛው ቀን ማታ ዳዶዎቹን አዙሮ ሲያበቃ የተኛሁ መስሎት ሱሪውን ከምስማሩ አወረደው። በሽፋሽፍቴ መካከል አየሁት። የግራውን እግር ስፌት በምላጭ ፈታ። በጠመኔ አሰመረ። ከዚያ መቀሱን አነሳ። የተቆረጠችውን ቁራጭ ኪሱ ከተታት፤ ሱሪውን አጥፎ ሰፋና መልሶ ሰቀለው፤ ከቤት ወጣ። እኔም የስፌት ሣጥኑን በእንጨት ማስመሪያ ስቤ ሜትሩን አወጣሁ። በቀለበቶቹ መካከል ለካሁ። ሠላሳ አንድ።

ሦስት ሚሊሜትር ወስዶብኛል።

በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላት ነገሩን ገጣጠምኩት። "ገበያዬን ልትዘጊ ነው" ይለኝ የነበረው ቀልድ አልነበረም፤ የእውነቱን ነው። እግሬ ከተስተካከለ እሱን አልፈልገውም፤ ስለዚህ እንደ ድሮዬ እንድሆን ይፈልጋል። እናቴም ተስማምታለች። ሱሪውን የቆረጠው ለዚህ ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሰው እግሬን እየሰረቀኝ ነው ብዬ አመንኩ። አንሶላውን ነክሼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ አሰብኩ።

በአራተኛው ቀን ጀመርኩ። አባቴ ቀትር ላይ የተሰፋ ልብስ ለማድረስ ይወጣል፤ ከአስር ሰዓት በኋላም ክርና ቁልፍ ሊገዛ ጥጉ ላይ ወዳለው ሱቅ ይሄዳል። መፍቻው የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው። በማስመሪያው መሳቢያውን እስባለሁ። አራቱንም ዳዶዎች አንድ ሙሉ ዙር ወደ መስኮቱ አዞራቸዋለሁ። ሙሉ ዙር ካደረግኩት እሱ የተወው ነጥብ ተመልሶ ላይ ይሆናል፤ አያውቅብኝም። ቀትር አንድ ዙር፣ ከአስር ሰዓት በኋላ አንድ ዙር። እሱ በቀን አንድ ሲመልስ እኔ ሁለት እጨምራለሁ። ብልጠቴን እያሰብኩ ኮራሁ።

በዚያው ቀን አባቴ በርጩማውን ከመስኮቱ በኩል አንስቶ ወደ በሩ በኩል አዞረው። ዓይኔን ማየት አፍሮ ነው ብዬ በሆዴ አሾፍኩበት። ኋላ እናቴ እንደ ነገረችኝ የሸሸው እኔን አልነበረም፤ አጠገቡ የተሰቀለውን ያን ሱሪ ነበር።

ሕመሙ ተለወጠ። ድሮ የሚያመኝ ብረቱ የገባበት ጭኔ ነበር፤ አሁን ብሽሽቴን ነው። በሰባተኛው ቀን እግሬን መዘርጋት አቃተኝ። አባቴ ጠዋትና ማታ ጎንበስ ብሎ ይጠይቀኛል።

"ብሽሽትሽን ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"እውነቷን ንገሪኝ እሺ የኔ እናት። ትንሽም?"

"አያመኝም አልኩህ!"

ካመመኝ ጨርሶ ያቆመዋል ብዬ ነው። ደግሞስ ያደገ ሁሉ ያመዋል አላለም? እኔ እያደግኩ ነው፤ እሱ አያውቅም። ይህን ጥያቄ አሁንም በጆሮዬ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ "አዎ" ብለው ኖሮ ዛሬ በሁለት እግሬ እሄድ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ማታ፣ ዳዶዎቹ ዞረው ካበቁ በኋላ፣ እናቴ አንሶላ ልትቀይርልኝ በጎኔ ስታዞረኝ ውስጤ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ድምፅ ነበረው። የጮህኩት ጩኸት የራሴ አልመሰለኝም። አባቴ ከነቀለበቱ አቅፎኝ እየሮጠ መንገድ ወጣ፤ ባዶ እግሩን ነበር።

ሐኪሙ ራጁን አየ። ከዚያ በራሱ ማስመሪያ በቀለበቶቹ መካከል ለካ። ሁለቴ ለካ።

"ከአሥር ቀን በፊት ሠላሳ አራት ነበር" አለ። "ዳሌዋ መንሸራተት ስለጀመረ በየቀኑ አንድ አንድ እየመለሱ አሥር ቀን ያዙሩ አልኩዎት። ዛሬ ሃያ አራት መሆን ነበረበት። ሠላሳ ስምንት ነው።"

አባቴ አልገባውም። "መልሻለሁ እኮ ዶክተር። አንድም ቀን አላጎደልኩም።"

"በየት በኩል ተቀምጠው ነበር የሚያዞሩት?"

አባቴ ባዶ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። መፍቻ የያዘ መስሎ በአየር ላይ አዞረ። "መጀመሪያ እዚህ ነበርኩ፤ እንዲህ..." አለ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ሄዶ በአልጋው በሌላው ወገን ቆመ። "ከዚያ እዚህ... እንዲህ..." እጁ በመሃል ቆመ። ወደ ቀኝ ሞከረው። ወደ ግራ ሞከረው። ቀኙና ግራው ጠፍተውበት እጁን እንደማያውቀው ዕቃ አገላብጦ አየው።

"ቦታ የቀየሩት መቼ ነው?"

"በ... በአራተኛው ቀን።"

ሐኪሙ ወረቀት ላይ አሰላ። ሦስት ቀን ወደ ኋላ፤ ሠላሳ አንድ። ሰባት ቀን ወደ ፊት፤ ሠላሳ ስምንት። ልክ ገጠመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በተቃራኒው ነው ያዞሩት" አለው። አልተቆጣውም።

አባቴ ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ። "ሁለት ቀኝ እግር" አለ፤ ለማንም አልነበረም። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያ ቀልድ ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ተነግሮ አያውቅም።

እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ዳሌ፣ መንሸራተት፣ ሃያ አራት መሆን ነበረበት። የገባኝ ሁሉም አይደለም፤ እየሰረቀኝ እንዳልነበረ ግን በዚያች ደቂቃ ገባኝ። "እኔ ነኝ" ለማለት አፌን ከፈትኩ። አባቴ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር አስፈራኝ፤ እንዲያ እኔን ቢያየኝስ ብዬ ፈራሁ። አፌን ዘጋሁ። ለሠላሳ አንድ ዓመት ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ቀደዱኝ። የጭኔ አጥንት ጫፍ ደም አጥቶ ሞተ፤ ዳሌዬ ደረቀ። ዛሬ ግራ እግሬ ከቀኙ በአሥራ አንድ ሴንቲሜትር ያንሳል፤ ከወገቤም አይታጠፍም፤ ወንበር ላይ የምቀመጠው በጎኔ ተደግፌ ነው። አንዲት ጎረቤት ልትጠይቀኝ መጥታ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ስትል እናቴ ከቤት አስወጣቻት። ጎረቤቷ ግን ልክ ነበረች። ገመድ የሚዘል እግር ነበረኝ እኮ።

አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ መቀስ አልነካም። የሚኖረን እናቴ ከልብስ ማጠቢያው የምታመጣው ብቻ ነበር። ሲመለስም የመጀመሪያውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ጠራኝ። "ነይ እስቲ እዪልኝ፤ ይሄ ላዩ ነው ውስጡ?" ሄጄ አየሁለት። የዚያን ዕለት ብነግረው ይቀለው ነበር። አልነገርኩትም። በማግስቱም ጠራኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የድሮ ፋይሌን አነበብኩ። "አባት በማዞሪያው አቅጣጫ መሳሳታቸውን አምነዋል" ይላል። ሥሩ አባቴ ፈርሞበታል። እናቴ ስትሞት እጄን ይዛ የመጨረሻ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። "አባትሽን ይቅር በዪው" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ከዚህ የበለጠ ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ነገርኩት።

ጠርቶኝ ነበር። ግራጫ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቀኛል። ምርኩዜን አስደግፌ በጎኔ ተቀመጥኩና ሳላቋርጥ ነገርኩት። ማስመሪያውን፣ መሳቢያውን፣ ሙሉ ዙሩን፣ ነጥቡን፣ ሠላሳ አንዱን። "አንተ ልክ ነበርክ አባዬ። አልተሳሳትክም። እኔ ነኝ ያዞርኩት። ስትጠይቀኝም አያመኝም ያልኩህ ዋሽቼህ ነው።"

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። እጁን ዘርግቶ ጉንጬን ዳበሰኝ።

"ድሮም ሆደ ቡቡ ነሽ" አለ።

"አባዬ፣ እውነቴን እኮ ነው!"

"ተይ እንጂ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በዚያ ሁሉ ሕመም መሃል፣ አራት ዳዶ በገዛ እጇ? እኔ ሳዞረው እንኳ ጩኸትሽ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር።" ራሱን ነቀነቀ። "ሽምግልናዬን አይተሽ ሳልሞት ሸክሜን ልታቀይልኝ ነው። እናትሽም እንዲሁ ትሞክር ነበር፤ መፍቻው ነው የተበላሸው ትለኝ ነበር።"

"አባዬ..."

"ስሚኝ ልጄ። ያኔ እውነቱን ደብቄሽ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ነግሬሽ ቢሆን አንቺ ራስሽ ትቆጣጠሪኝ ነበር፤ ተሳሳትክ ትዪኝ ነበር። እኔ የዋሸሁሽ ይበቃል፤ አሁን ደግሞ አንቺ አትዋሺኝ።"

ሌላ የምለው ፈለግኩ። ምስክር የለኝም፤ እናቴ የለችም። የተጻፈው ሁሉ የሚመሰክረው በእሱ ላይ ነው። በጊዜው ብናገር ኖሮ ያምነኝ የነበረውን ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት ዝምታዬ ጨርሼዋለሁ። አለቀስኩ፤ እሱም ለእግሬ የማለቅስ መስሎት ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጭኔን ደባበሰኝ።

"በይ አሁን" አለኝ ቆይቶ፤ ጠመኔውን እያነሳ። "ሰውየው ነገ ይመጣል። እዪልኝ እስቲ፤ ይሄ ላዩ ነው ውስጡ?"

ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁ። ጨርቁን በጣቴ ዳሰስኩት።

"ላዩ ነው አባዬ" አልኩት።